የከርሠ ምድር ሦስት ምስክሮች

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የሰው ሆድ የደበቀውን ጠላና ጠጅ ያወጡት ይሆናል፤ የምድር ሆድ የደበቀውን ግን ምን ያወጣዋል? ከእግራችን በታች ሦስት ሺህ ሜትር ርቆ የተኛው ድንጋይ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ በውስጡም ውሃ ይኑር ወይም ዘይት፥ ጋዝ ይኑር ወይም ምንም አይኑር፥ ቁመን ብንጠይቀው አይመልስልንም። የዛሬው ገጻችን ሊቃውንት ይህን ዝምተኛ እንዴት አድርገው እንዳናገሩት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ የአቶምን ጥበብ የሚነካ ስለ ሆነ አንዳንዱ አንባቢ ገጹን ለመግለጥ ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን በልጅነቱ ብይ የተጫወተና በችሎት ምስክር ሲሰማ ያየ ሰው ሁሉ ሊረዳው የሚችል ነውና ጥቂት ይታገሠን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጨለማው ጉድጓድ

ነዳጅ ዘይት የሚፈልጉ ሰዎች የሚቈፍሩት ጉድጓድ በየግቢያችን እንደምናውቀው የውሃ ጉድጓድ ሰው ገብቶ የሚወጣበት አይደለም። አፉ አንድ ስንዝር ያህል ቢሰፋ ነው። ጥልቀቱ ግን ሁለትና ሦስት ሺህ ሜትር፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥተን እንጦጦ ጫፍ ድረስ ብንወጣ የምንጨምረው ከፍታ አንድ ሺህ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ያን ዳገት ሦስት ጊዜ ደራርበን ወደ ታች ብንገለብጠው የጉድጓዱን ጥልቀት እናገኛለን። ይህም ቀጭን ጉድጓድ ባዶ አይደለም። የመሰርሰሪያውን ጥርስ እንዲያቀዘቅዝ፥ የጉድጓዱም ግድግዳ እንዳይናድ ተብሎ በከባድ ጭቃ የተሞላ ነው። ስለዚህ መብራት ቢያወርዱበት የሚታይ ነገር የለም።

መሰርሰሪያው የፈጨው ድንጋይ ከጭቃው ጋር ወደ ላይ መውጣቱ እውነት ነው። ሆኖም እላይ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በመንገዱም ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ከወፍጮ ቤት የወጣ ዱቄት አይቶ እህሉ ከየትኛው ጆንያ እንደ መጣ ለመናገር እንደ መሞከር ያለ ነው። ድንጋዩን ሳይፈጩ እንደ ምሰሶ ቈርጦ ማውጣትም ይቻላል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለጠቅላላው ጉድጓድ አይደረግም።

ጭንቁ ያለው ቍፋሮው ባለቀበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ኀላፊው ከሁለት አንዱን መቍረጥ ይኖርበታል። ወይም ጉድጓዱን በብረት ቧንቧ አልብሶ፥ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ሲሚንቶ አፍስሶ ዘይቱን ለማውጣት ይዘጋጃል፤ ወይም በሲሚንቶ ደፍኖ ትቶት ይሄዳል። የሌለ ዘይት አለ ብሎ ቢያምን የድርጅቱን ገንዘብ በከንቱ ያፈስሳል፤ ያለውን ዘይት የለም ብሎ ቢደፍነው ደግሞ ሀብቱን በገዛ እጁ ይቀብረዋል። ይህን ፍርድ የሚሰጠው በአብዛኛው አንድ ረዥም ወረቀት ዘርግቶ፥ በላዩ የተሣሉትን ጠማማ መስመሮች እያነበበ ነው። ይህም ወረቀት በባለሙያዎቹ አነጋገር «ሎግ» ይባላል፤ የጉድጓዱ መዝገብ ማለት ነው።

መዝገቡ የሚጻፈው እንዲህ ነው። በረዥም የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ ላይ እንደ ዱላ ቀጭንና ረዥም የሆነ መሣሪያ ታስሮ እስከ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል። ከዚያ በዝግታ ወደ ላይ ሲጐተት በየደረጃው የለካውን ሁሉ በገመዱ በኩል ወደ ላይ ይልካል። በዛሬው ጊዜ መሣሪያውን ከመሰርሰሪያው ጋር አያይዞ እየቈፈሩ መለካትም ተለምዷል።

የዚህ ሥራ አባቶች ኮንራድና ማርሴል ሽሉምበርዤ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። ሠራተኞቻቸው መስከረም መግቢያ ላይ፥ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በአልሳስ አውራጃ በፔሸልብሮን ዘይት ማውጫ መሣሪያቸውን ወደ ጉድጓድ አውርደው፥ በየሜትሩ እያቆሙ ድንጋዩ ለኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለኩ፤ ቍጥሩንም በእጃቸው ጽፈው መስመሩን በእጃቸው ሣሉት። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፤ ዘይት ግን ይከለክላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የተከለከለበት ቦታ ዘይት ያለበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሊሆን ይችላል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃም፥ ቀዳዳ የሌለው ደረቅ ድንጋይም እንደዚሁ ኤሌክትሪክን ይከለክላሉ። ደግሞም ጉድጓዱ አንድ ጊዜ የብረት ቧንቧ ከለበሰ በኋላ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውስጥ ስለሚሮጥ፥ በዚያ ዘመን የነበረው መሣሪያ ከብረቱ ባሻገር ያለውን ሊያውቅ አልቻለም። እንግዲህ ብረትን ዘልቆ የሚያይ ሌላ ምስክር አስፈለገ። ያም ምስክር ከአቶም አስኳል ተገኘ።

የመጀመሪያው ምስክር፤ የጋማ ጨረር

ማናቸውም ድንጋይ ከተፈጥሮው ጥቂት ጨረር ያመነጫል። ጨረሩ የሚመጣው በውስጡ ከሚገኙት ከፖታሲየም፥ ከዩራኒየምና ከቶሪየም ነው። እነዚህ ሦስቱ በሸክላማ ድንጋይ ውስጥ በርከት ብለው ሲገኙ፥ በንጹሕ አሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ሰዎች ጨረር ቈጣሪ መሣሪያ ወደ ጉድጓድ እያወረዱ ይህን ልዩነት መመዝገብ ጀመሩ። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሸክላ ነው፤ ወደ ግራ ሲመለስ አሸዋ ወይም ኖራ ነው። የጋማ ጨረር ብረትን ስለሚያልፍ ቧንቧ የለበሱት አሮጌ ጕድጓዶችም በዚህ ተመረመሩ።

ሸክላን ከአሸዋ መለየት ምን ይጠቅማል? የሚል ጠያቂ ይኖራል። ሸክላማ ድንጋይ ፈሳሽ ቢይዝም ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ልክ እንደ ጥሩ እንስራ ማለት ነው። አሸዋ ድንጋይ ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ ፈሳሹን ይለቃል። ስለዚህ ዘይት ፈላጊው ሸክላውን ክዳን፥ አሸዋውን ዕቃ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ይህ ምስክር ታማኝ ቢሆንም አንድ ጕድለት አለበት። ፖታሲየም ያለበትን አሸዋ ሲያይ ሸክላ ነው ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኛም ነገር፥ የዕቃውን ዓይነት ይናገራል እንጂ በዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም።

ሁለተኛው ምስክር፤ ኒውትሮን

የዚህኛው ታሪክ የሚጀምረው ከነዳጅ ዘይት ርቆ፥ በሮማ ከተማ በፓኒስፔርና መንገድ በነበረ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ዓ.ም. ኒውትሮንን ካገኙ በኋላ፥ ፕሮፌሰር ኤንሪኮ ፌርሚና ወጣት ረዳቶቻቸው ልዩ ልዩ ማዕድኖችን በኒውትሮን እየመቱ ይመረምሩ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ከረዳቶቹ ሁለቱ፥ ኤዶዋርዶ አማልዲና የሃያ አንድ ዓመቱ ብሩኖ ፖንቴኮርቮ፥ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። የሚመረምሩት ብር በዕንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲመታ፥ በእምነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከሚመታው ይልቅ ብዙ ጨረር ያመነጫል። ጠረጴዛ ከብር ጋር ምን ያገናኘዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ቈጣሪው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። ፌርሚ ግን ኦክቶበር 22 ቀን በኒውትሮኑ ምንጭና በብሩ መካከል ሻማ የሚሠራበትን ፓራፊን አስገቡበት። ቈጣሪው ከመጠን በላይ ጮኸ። ውሃም ቢሆን እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ዕንጨት፥ ፓራፊንና ውሃ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ሁሉም ሃይድሮጅን የሞላባቸው መሆናቸው ነው። ፌርሚ በዚያው ቀን ምክንያቱን ገለጡት፤ ሃይድሮጅን ኒውትሮንን ያዘገየዋል፤ የዘገየ ኒውትሮን ደግሞ በብሩ አስኳል በቀላሉ ይያዛል።

ይህን ለመረዳት ወደ ብይ ጨዋታ እንመለስ። ብያችንን ወርውረን የወፍጮ ድንጋይ ብንመታበት ነጥሮ በሙሉ ኀይሉ ይመለሳል እንጂ አይደክምም። እኩያውን ብይ ፊት ለፊት ቢመታ ግን ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተመታው ኀይሉን ወስዶ ይሮጣል። በአስኳሎችም ዓለም ነገሩ ይኸው ነው። የሃይድሮጅን አስኳል በክብደት ከኒውትሮን ጋር እኩያ ነው ለማለት ይቻላል። ካርቦን፥ ኦክሲጅንና በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ሲሊከን ግን ለኒውትሮን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ናቸው። በሴኮንድ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጥ አንድ ኒውትሮን እስኪዝል ድረስ ሃይድሮጅንን 18 ጊዜ ያህል ቢመታ ይበቃዋል፤ ካርቦንን ግን 115 ጊዜ፥ ኦክሲጅንን 150 ጊዜ ያህል መምታት ይኖርበታል። ሲዝል ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል።

ያ ዘመን የሙሶሊኒ ዘመን ነበር። ቤተ ሙከራው ይህን ባገኘ በሁለተኛው ወር የወልወል ግጭት በኦጋዴን ተነሣ፤ ከዚያም በሀገራችን ላይ የደረሰውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። ፋሽስቶች በ1938 ዓ.ም. በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ ባወጡ ጊዜ ፖንቴኮርቮ በፓሪስ ይማር ነበር፤ አይሁዳዊም ስለ ሆነ ወደ ሀገሩ ለመመለስ አልቻለም። በጁን 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲቃረብ በብስክሌት ወደ ደቡብ ሸሸ። በስፔንና በፖርቱጋል አልፎ፥ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። እዚያም የአቶም ሊቅ ሥራ ያገኘው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በኦክላሆማ፥ በታልሳ ከተማ፥ የዘይት ጕድጓዶችን በሚመረምር አንድ ድርጅት ነበር።

በሮማ ጠረጴዛ ላይ ያየውን ነገር ወጣቱ በታልሳ አልረሳውም። ውሃም ዘይትም ሃይድሮጅን የሞላባቸው ናቸው። ድንጋዩ ራሱ ግን፥ አሸዋም ቢሆን ኖራ፥ ሃይድሮጅን የለውም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ኒውትሮን የሚያመነጭ ነገር ከቈጣሪ ጋር አያይዘን ወደ ጉድጓድ ብናወርድ፥ ኒውትሮኖቹ የሚዝሉበት ቦታ ፈሳሽ የያዘ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ መሆኑን ይነግረናል። ይህን ሐሳብ ሠርቶ በ1941 ዓ.ም. አሳተመው። የኒውትሮን ጉድጓድ ምርመራ የተወለደው እንዲህ ሁኖ ነው። ፖንቴኮርቮ በ1950 ዓ.ም. ወደ ሶቭየት ኅብረት ተሻገረ፤ ስሙም ከዚያ በኋላ በሌላ ነገር ይልቁንም በኒውትሪኖ ጥናት ገነነ። በ1993 ዓ.ም. በዱብና ከተማ ዐረፈ።

መሣሪያው ሲሠራ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ቈጣሪው ከምንጩ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ድንጋዩ ብዙ ፈሳሽ ካለበት ኒውትሮኖቹ ገና በምንጩ አጠገብ ዝለው ስለሚቀሩ ወደ ቈጣሪው የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ድንጋዩ ደረቅና ድፍን ከሆነ ግን ርቀው ይሄዳሉ፤ ቈጣሪውም ብዙ ይቈጥራል። ስለዚህ ብዙ ቍጥር ጥቂት ቀዳዳ፥ ጥቂት ቍጥር ብዙ ቀዳዳ ማለት ነው።

ይህም ምስክር ጕድለት አለው። እሱ የሚያውቀው ሃይድሮጅንን ብቻ ነው። ሸክላ በተፈጥሮው የታሰረ ውሃ ስላለው፥ ኒውትሮን ሸክላን ሲያይ «ትልቅ ቀዳዳ አለ» ብሎ ይመሰክራል። በጋዝ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። ጋዝ ሃይድሮጅን ቢኖረውም ቅንጣቶቹ የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ በአንድ ስፍራ የሚገኘው ሃይድሮጅን ከውሃና ከዘይት ያነሰ ነው። ስለዚህ በጋዝ የተሞላውን ቀዳዳ አይቶ «እዚህስ ቀዳዳ ጥቂት ነው» ይላል።

ሦስተኛው ምስክር፤ የድንጋዩ እፍጋት

በ1950ዎቹ ሦስተኛው ምስክር ተጨመረ። ይህ መሣሪያ ሲሲየም 137 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ነገር ይዞ፥ በብረት ክንድ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ እየተገፋ ይጐተታል። ከሲሲየሙ የሚወጣው የጋማ ጨረር በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ከኤሌክትሮኖች ጋር እየተጋጨ ይደክማል። ድንጋዩ የታፈገ በሆነ መጠን ኤሌክትሮኑ ስለሚበዛ ወደ ቈጣሪው የሚደርሰው ጨረር ያንሳል። ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ኩራዝ ማሰብ ነው። ጭሱ በወፈረ ቍጥር በማዶው ግድግዳ ላይ የሚታየው ብርሃን ይደበዝዛል፤ ከብርሃኑም መደብዘዝ የጭሱን ውፍረት መገመት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ ዐቅም አያልፍም። ቀዳዳ የሌለው የአሸዋ ድንጋይ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 2.65 ግራም ይመዝናል፤ የኖራ ድንጋይ 2.71፤ ውሃ 1 ግራም ነው። መሣሪያው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ 2.32 አነበበ እንበል። ከድፍኑ ድንጋይ የጐደለው 0.33 ነው። ድንጋዩ ሁሉ ውሃ ቢሆን ኑሮ የሚጐድለው 1.65 ነበር። 0.33ን ለ1.65 ብናካፍል 0.20 እናገኛለን። ስለዚህ ከድንጋዩ ከመቶ 20 እጁ ቀዳዳ ነው። ይኸውም አንድ ሜትር ኩብ ከሆነው ድንጋይ ውስጥ 200 ሊትር ፈሳሽ፥ ማለት አንድ ሙሉ በርሜል የሚይዝ ስፍራ አለ ማለት ነው። ከመሬት በታች የዘይት ባሕር አለ የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። ዘይት የሚገኘው በጠንካራ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ፥ ውሃ በስፖንጅ እንደሚገኝ ሁኖ ነው።

የእፍጋቱ ምስክርም ያለ ነቀፌታ አይደለም። የሚያየው ከስንዝር የማይበልጥ ሩቅ ነው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ከተፈረፈረ በድንጋዩ ፈንታ ጭቃውን መዝኖ ይመጣል። ደግሞም ስሌቱ ቀዳዳው ውሃ ይዟል ብሎ ስለሚጀምር፥ በውሃው ፈንታ ቀላል ጋዝ ካለ ክብደቱ ከመጠን በላይ ይጐድልና ቀዳዳውን አብልጦ ይናገራል።

በላ ልበልሃ

እንግዲህ ሦስት ምስክሮች አሉን፤ እያንዳንዱም የሚሳሳትበት ነገር አለው። ይህን የሰማ አንባቢ፥ ታዲያ ማንን ማመን ይቻላል? ብሎ ተስፋ ሊቈርጥ ይችላል። የሥራው ጥበብ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ዐዋቂ ዳኛ ከምስክር ሁሉ አንዱን መርጦ ሌላውን አያባርርም። እያንዳንዱ በምን እንደሚሳሳት አስቀድሞ ካወቀ፥ ከመለያየታቸው እውነትን ያወጣል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጉድጓድ መዝገብ ላይ የሚከተለውን አነበብን እንበል። በአንድ ደረጃ የጋማው መስመር ዝቅ ብሏል፤ ስለዚህ ሸክላ አይደለም፤ አሸዋ ነው። እፍጋቱ 2.20 ነው፤ ከላይ እንዳደረግነው ብናሰላው ከመቶ 27 ቀዳዳ ይወጣል። ኒውትሮኑ ግን ከመቶ 12 ብቻ ይላል። አንዱ አብዝቷል፤ ሌላው አሳንሷል። እፍጋትን የሚያበዛ፥ ኒውትሮንንም የሚያሳንስ አንድ ነገር ብቻ እናውቃለን፤ እሱም ጋዝ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተሻግረው ሲቈራረጡ ባለሙያው ዐይኑን የሚያበራው ለዚህ ነው። እውነተኛውም የቀዳዳ መጠን በሁለቱ መካከል፥ ከመቶ 21 አካባቢ ይሆናል። በሌላ ደረጃ ደግሞ እፍጋቱ ከመቶ 12፥ ኒውትሮኑ ከመቶ 33 ቢሉ፥ ጋማውም ከፍ ቢል፥ ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ያ ሸክላ ነውና ኒውትሮኑ የቈጠረው የታሰረውን ውሃ ነው። በዚህ ላይ ዘይትን ከጨዋማ ውሃ ለመለየት የሽሉምበርዤ ወንድማማቾች ኤሌክትሪክ አራተኛ ሁኖ ይጠራል።

ምስክሮች ሁሉ በአንድ መስፈሪያ መናገር እንዳለባቸውም መርሳት አይገባም። በገበያ አንዱ ነጋዴ በትልቅ ቁና፥ ሌላው በትንሽ ቁና ቢሰፍር ዋጋ ማስተያየት አይቻልም። በዘይቱም ዓለም ቀድሞ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ቁና ይሰፍር ነበር። በ1959 ዓ.ም. በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ጨረሩ የታወቀ ሲሚንቶ የተሞላ የመለኪያ ጉድጓድ ተሠራ። በውስጡ ብዙ ጨረር ባለውና ጥቂት ጨረር ባለው ክፍል መካከል ያለው ልዩነት 200 መስፈሪያ ይባል ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ አንድ መዝገብ በቴክሳስም ይጻፍ በዐረብ ሀገር፥ የጋማው ቍጥር አንድ ዓይነት ትርጕም አለው።

አደጋውን ማወቅ

ይህ ሁሉ ጥበብ ዋጋ አለው። ዛሬ በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ኒውትሮን የሚያመነጨው አሜሪሲየም 241 ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለበት ትንሽ ብረት ነው፤ በአንድ ሴኮንድ በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ኒውትሮን ያወጣል። አሜሪሲየም ጨረሩ በግማሽ እስኪቀንስ 432 ዓመት ይፈጅበታል፤ ሲሲየም 30 ዓመት። ስለዚህ ሠራተኞች ምንጩን በእጃቸው ሳይሆን በረዥም መያዣ ይይዙታል፤ በመከለያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ በደረታቸውም ላይ የጨረር መለኪያ ያንጠለጥላሉ። ከጨረር የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጊዜን ማሳጠር፥ ራቅ ማለትና መከለል።

አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው በጉድጓዱ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል። ማውጣት ካልተቻለ በሲሚንቶ ተቀብሮ፥ ወደፊት ማንም ሳያውቅ እንዳይቈፍረው በጉድጓዱ አፍ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። ከዚህ የባሰው በመንገድ የጠፋው ነው። በሴፕቴምበር 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ቴክሳስ ከአንድ የጉድጓድ መርማሪ ኩባንያ መኪና ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ የኒውትሮን ምንጭ ወድቆ ጠፋ፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ ፍለጋ በኋላ በመንገድ ዳር ተገኘ። ብልጭ የምትል የብረት ቍራጭ መንገድ ላይ ያየ ሕፃን ወይም እረኛ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ብረት ያገኘ ሰው ሳይነካው ርቆ ለባለሥልጣን መንገር አለበት።

በዚህ ምክንያት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኒውትሮን ምንጭ ተፈልጎ ተገኝቷል። ከባዱን ሃይድሮጅን፥ ዲዩቴሪየምን፥ ከትሪቲየም ጋር በማጋጨት ኒውትሮን ያወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ኒውትሮኑም ይቋረጣል። ሌላም ጥቅም አለው። በጨው ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን አስኳል የዘገየ ኒውትሮንን ከሃይድሮጅን አስኳል መቶ ጊዜ ያህል አብልጦ ይውጣል። ስለዚህ ምንጩ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ፥ ኒውትሮኖቹ ቶሎ ካለቁ በድንጋዩ ውስጥ ጨዋማ ውሃ፥ ዘግይተው ካለቁ ዘይት ወይም ጋዝ መኖሩ ይገመታል። ቧንቧ ለብሶ ለዓመታት የሠራ ጉድጓድ ዘይቱን ምን ያህል ውሃ እንደ ተካው የሚታወቀው በዚህ ነው።

ለእኛስ?

ከትግራይ አዲግራት አካባቢ የሚታየውን የአሸዋ ድንጋይ ገደል ያየ አንባቢ ብዙ ነው። በ1868 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የድንጋይ ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ይህን ድንጋይ በከተማዪቱ ስም «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም በዓለም መጻሕፍት ጸና። ይኸው ድንጋይ በኦጋዴን ከምድር በታች እጅግ ርቆ ይገኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሉብ ጋዝ ሲገኝ ጋዙ ካደረባቸው ድንጋዮች አንዱ እሱ ነበር። በሰሜን በመዶሻ የምንመታው፥ በእጃችን የምንዳስሰው ድንጋይ፥ በደቡብ ምሥራቅ ያለ ኒውትሮንና ያለ ጋማ ልንመረምረው የማንችል ሩቅ ነገር ሁኗል። የጋማው ምርመራ ደግሞ የራሱ ምንጭ ስለማያስፈልገው፥ ድንጋዩ የሚያመነጨውን ብቻ ስለሚቈጥር፥ ለመጠጥ ውሃ ጕድጓዶችም ይውላል። ውሃ የሚሰጠውን አሸዋ ከማይሰጠው ሸክላ ይለያል፤ ማጣሪያውም ቧንቧ በትክክለኛው ደረጃ እንዲቀመጥ ይረዳል። ለደረቅ ቀበሌ ሕዝብ ይህ ከዘይት የማያንስ ቁም ነገር ነው።

ፊዚክስ የሚማር ወጣት፥ ይህ የኒውትሮን ግጭት ለፈተና ካልሆነ ምን ይሠራልኛል? ብሎ መምህሩን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ፖንቴኮርቮም በሮማ ጠረጴዛውን ሲያይ ስለ ዘይት አላሰበም፤ ያሰበው ለምን? ብሎ ብቻ ነው። በጽሕፈት ቤት ለሚሠራው አንባቢያችን ደግሞ ከጉድጓዱ መዝገብ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። በጠረጴዛው ላይ የሚመጣ መዝገብ ሁሉ ከላዩ ሲያዩት አንድ ቃል የሚናገር ይመስላል። ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ አንዱን ሐሰተኛ ብሎ ከመፍረድ በፊት፥ ሁለቱም እውነት ተናግረው ይህን ልዩነት ሊያመጣ የሚችል ነገር ምንድር ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። የጉድጓድ መርማሪው ጋዙን የሚያገኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

በሌላ ጊዜ ድምፅ በድንጋይ ውስጥ ሲሄድ ምን እንደሚናገርና፥ ከላይ ሁነው የከርሠ ምድርን መልክ ስለሚሥሉበት ጥበብ እናወጋለን።